አግዳሚዋ ቅርስ ሆነች፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ

"እማማ፣ ይነሱ፣ አግዳሚ ወንበሩ ቅርስ ነው" አለኝ ጥበቃው። የድሮው ባቡር ጣቢያ ታድሶ ተከፈተ ሲሉኝ ዛሬ ከፒያሳ በታክሲ ሄጄ፣ ገና ቁጭ ከማለቴ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባቡር ነጂ ነበር። ከድሬዳዋ እስኪመጣ ስጠብቀው ልጆቼን ያጠባሁት እዚችው አግዳሚ ላይ ነው። አንዴ ልቀመጥባት ብዬ እንጂ ጉልበቴ መንገድ አይወድም።

እሺ ብዬ ተነሳሁ። ወዲያው ሙሽሮች መጥተው ለፎቶ ከነጫማቸው ቆሙባት። ጥበቃው ዝም። አንገሸገሸኝ።

"የኔ ልጅ፣ በዕድሜ እኮ እበልጣታለሁ፤ ቅርስነቱ ለኔ አይሠራም?" አልኩት።

ፎቶ አንሺው ሰምቶኝ "ተዋቸው ይቀመጡ፣ እርጅናቸው ለፎቶው ያምራል" አይለው መሰላችሁ።

ለጌጥማ አልቀመጥም ብዬ ጥያቸው ወጣሁ።

እናንተስ፣ ከገዛ ቦታችሁ ተነሱ ያሏችሁ የት ነው? እስቲ አውሩኝ።