ለማሽን የተነገረ ስም

አማቴ እማማ ፔቺያማል ከአራተኛ ፎቅ ሳይወርዱ ሁለት የዝናብ ወቅት አለፈ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደቡብ ህንድ ቱትኩዲ የጨው ማሳ ውስጥ በባዶ እግር ቆመው ሲሠሩ ጉልበታቸው አለቀ። ሊፍቱ እንደሆነ እኛ ሳንገባ የተበላሸ ነው። ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ ብረት መሀል ታች ያለውን የኒም ዛፍ ሲያዩ ይውላሉ።

ባለፈው ወር ግራውንድ ላይ አንድ ቤት ተለቀቀ። ቤት መቀየር የሚፈልግ እስከ ዓርብ ማታ ይደውል ተባለ። ስልኩን የሚያነሳው ግን ሰው ሳይሆን ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ ማሽን ነው። መልስ መስጠት ያለባቸውም አማቴ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ጣልቃ ከገባሁ የሌላ ሰው ድምፅ ነው ብሎ ይዘጋል።

ዓርብ ከሰዓት ሕፃኑን ጎኔ ላይ ይዤ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩላቸው።

«ቤቱ የተመዘገበበትን የባልዎን ስም ይናገሩ» አለ ማሽኑ።

አማቴ ሳሪያቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና፣ «የሱዳላይ አባት ናቸው» አሉ። ሱዳላይ የእኔ ባል ነው፤ በእሳቸው ዘመን ሚስት የባሏን ስም አትጠራም።

«አልተረዳሁም። እባክዎ ስሙን ይናገሩ።»

«እሳቸው ናቸዋ! ጨው በጋሪ ያመላልሱ የነበሩት! አገር ያውቃቸዋል፤ አንተ ከየት መጥተህ ነው?»

«አልተረዳሁም።»

ስልኩን በእጄ ሸፈንኩት። «እማማ፣ ስማቸውን ብቻ ይበሉ። አንድ ቃል ናት።»

«አብደሻል? ባሌን በስማቸው ልጥራ? አንቺ ልጄን ‹ሱዳላይ! ና ሕፃኑን ያዝ!› እያልሽ ስትጮኺበት ዝም ስላልኩሽ ነው።»

«ቤቱ ሊያመልጠን ነው እኮ!»

«በሕይወት እያሉ ያልጠራሁትን ዛሬ ለቆርቆሮ ልንገር?»

ታች ኒሙ ሥር ሴቶች አበባ በክር እየሰኩ ይሳሳቃሉ። አማቴ ብዙ አዩዋቸው። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ከንፈራቸው አስጠጉና ስሙን ጠሩት። ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። እኔ አንድም ፊደል ሳይቀር ሰማሁት፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

«አልተረዳሁም። እባክዎ ጮክ ብለው ይድገሙት።»

ስልኩን መልሰው ሰጡኝ። «አንዴ ብያለሁ። አልደግመውም።»

ልለምናቸው አልደፈርኩም። ቤቱ ለሌላ ሰው ሆነ።

ሰኞ የቤቶቹ አስተዳደር ቢሮ ሄጄ ጮህኩ። «ማሽኑ የወጣት ድምፅ ነው የለመደው፤ የአረጋውያንን ገና አልተማረም» አለችኝ ጸሐፊዋ። የሽማግሌና የአሮጊት ንግግር እየቀዱ እንዲህ ያለውን ማሽን የሚያስተምሩ የኮሌጅ ልጆች እንዳሉም ነገረችኝ። ስልክ ቁጥራቸውን ተቀብዬ እዚያው ቆሜ ደወልኩ። ሌላ ቤት መለቀቁ አይቀርም፤ እስከዚያ የአማቴን ድምፅ ይልመድ።

አንዲት የኮሌጅ ልጅ መቅጃ ይዛ እያለከለከች አራት ፎቅ ወጥታ መጣች። አማቴ ስለ ጨው፣ ስለ ዓሣ፣ ሊፍቱን ስላበላሹት ሌቦች ከሰዓቱን ሙሉ አወሩላት። ልጅቷ ዕቃዋን ልትሰበስብ ስትል፣ «የባልዎ ስምስ ማን ነበር እማማ?» አለቻቸው።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺም አልተረዳችም» አሉ።

ሦስታችንም ሳቅን። ልጅቷ ስትሄድ አማቴ በሩን ክፍት እንድተወው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ኮቴዋ ደረጃውን ወርዶ፣ ወርዶ፣ ታች እስኪጠፋ ድረስ ያዳምጡ ነበር።