የትዕግስት ማክ

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የማኬ ስክሪን ላይ የሰው ስም ታየኝ፦ «የትዕግስት ማክ»።

ለማታውቁት፣ ማክ የሚባለው ኮምፒውተር ያለ ኢንተርኔት አጠገቡ ላለ ሌላ ማክ ፋይል ይልካል። ተመርቄ ደብረ ታቦር ከተመለስኩ ጀምሮ በየቀኑ ይህን መላኪያ እከፍተዋለሁ፤ አንድም ቀን ሰው አላገኘሁበትም። (ፖለቲካ የሚያወራኝ ሞልቷል፤ የጠፋው ሶፍትዌር የሚያወራኝ ነው።)

«ሰላም፣ ማን ነሽ?» ብዬ በፋይል ጽፌ ላክሁላት።

የምትበላውን ሽሮ ፎቶ አንስታ መለሰችልኝ። «መንገደኛ ነኝ። አንተስ?» ብላ ጽፋበታለች።

ስለምሠራው አፕ፣ ስለ ሁሉም ነገር ረጅም መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ፊደል ሳርም ውጭ የአውቶቡስ ረዳት «ነፋስ መውጫ! ግቡ፣ ግቡ!» ሲል ሰማሁ። ስሟ ከስክሪኑ ጠፋ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ብርቄ ሰሃን ሊያነሱ መጡ።

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የያዘ ሰው አይተዋል?»

«እንዴ! ያች ከኋላህ የነበረችው ልጅ ናት እንጂ! አንተማ አንገትህን ደፍተህ። ስትወጣ እንኳ ዞር ዞር ስትል ነበር፤ ሰው የጠፋባት መስሎኝ።»

ፎቶውን መልሼ አየሁት። የጠረጴዛው ልብስ እኔ ክርኔን ካሳረፍኩበት ጋር አንድ ዓይነት ባለ አበባ ነው።

አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ስክሪን ላይ ስትፈልጉት አምልጧችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ እስቲ። የእኔ ረጅም መልስ እንደተከፈተ ነው።