በአሜን የተዘጉ ሁለት የፈተና ወረቀቶች

ሁለት የሚመሳሰሉ የፈተና ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳይ እስከ ዛሬ እርማቴን አቆማለሁ። ጋምቤላ ከተማ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና በየሴሚስተሩ ያጋጥመኛል። ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጥና በመስኮቱ የኒሙን ዛፍ እያየሁ እቆያለሁ። ሐሳቤ አሥረኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት ሄዷል፣ የዴስክ ጓደኛዬ ኛቦል ጋ።

ልጅ እያለሁ ጠርጣራ ነበርኩ። እርሳሴ ቢያጥር ሰው ቀርጾብኝ ነው እላለሁ፤ ሁለት ልጆች ቢሳሳቁ በእኔ ነው። አባቴ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለውን ተረት ከደገኛ ባልደረቦቹ ለምዶ በአኙዋክኛ ሲያወራ እንኳ መሃል ላይ ይሰነቅራታል። እኔም ከእናቴ ጡት ጋር የጠባኋት ይመስል አምኜባት አደግሁ።

ኛቦል ግን ሌላ ነበረች። እናቷን ከባሮ ወንዝ ታች ባለችው የኑዌሮች ከተማ ማታር ትታ ጋምቤላ አጎቷ ቤት ተቀምጣ ትማራለች። ሁለት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። ማንጎ ስንካፈል ሥጋ ሥጋውን ለእኔ ሰጥታ ፍሬውን እሷ ትመጠምጣለች፤ እኔ ደግሞ ምን ፈልጋ ይሆን እያልኩ እበላለሁ። አጎቷ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቃሉ ግን አንድ ነው፦ ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች በጀልባ ወደ ማታር ትመለሳለች። ማታር ከተመለሰች ደግሞ ትምህርቱ እዚያው ያበቃል።

የእንግሊዝኛ ፈተና የደረሰው ሰኔ ላይ ነው። ዝናቡ አባርቶ ክፍሉ እንደ ምድጃ ታምቋል፤ እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ማንጎ ይሸታል። ለፈተናው ለያዩን፤ እኔ ፊት መስኮቱ ሥር፣ ኛቦል ኋላ በሩ አጠገብ። የመጨረሻው ጥያቄ አንድ ገጽ አጭር ልብወለድ ሰጥቶ መልእክቱን ከታሪኩ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ ተንትኑ ይላል። ታሪኩ በየዓመቱ ታንኳውን ቀለም እየቀባ አንድም ቀን ወደ ወንዝ ስለማያወርድ ሽማግሌ ነው። ጎረቤቶቹ ይስቁበታል። ታንኳው ውስጥ የትንሽ ልጅ ጫማ እንደነበረ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትናገራለች።

እስከዚያ ቀን ትንተና የምንለው ታሪኩን መልሶ መተረክ ነበር። እኔ ግን ሌላ መንገድ አውቅ ነበር። እናቴ ረቡዕ ረቡዕ እቤታችን በአማርኛ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ትመራለች። ሦስት ጥያቄ አላት፦ ቃሉ ምን ይላል? ምን ሰውሯል? ለእኔስ ምን ይለኛል? የመጀመሪያውን ስትጠይቅ ጣቷን ገጹ ላይ ታሳርፋለች፣ ለሁለተኛው ጡጫዋን ትጨብጣለች፣ ለሦስተኛው መዳፏን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ሽማግሌውን በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መረመርኩት። ታንኳው ያጣው ልጁ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ጫማውን በማስረጃነት ጠቀስኩ። እጄ ለምዶበት እንደ ጥናታችን መጨረሻው ላይ በማን ላይ መሳቅ እንደሌለብን ወገኖቼን መክሬ «አሜን» ብዬ ዘጋሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ቲቸር ግርማ እኔንና ኛቦልን ቢሮ ጠሩን። ቲቸር የጎሬ ሰው ናቸው፣ ጥሩ አስተማሪ፣ ግን በፈተና ጉዳይ ወንድማቸውንም አያምኑም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» እያሉ ነው ወረቀት የሚያድሉት። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ያው ሦስት አንቀጽ፣ ያው ጫማ፣ ያው ምክር። ሁለቱም በአሜን አልቀዋል።

«እንግሊዝኛ ፈተና ላይ አሜን ያለ ተማሪ በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ። «ዘንድሮ ሁለት አገኘሁ። አሪየት፣ አንቺ ይህን እንዴት ጻፍሽው?»

የጠየቁኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ስለ እናቴ ጥናት ብነግራቸው በቂ ነበር። እኔ ግን የኛቦልን ወረቀት እያየሁ ደሜ ፈላ። ፈተናው መሃል ፊት ካለው የውሃ ጀሪካን ልትጠጣ ስትመጣ በእኔ በኩል ዞራ እንደነበር ትዝ አለኝ። ቀሚሷ ዴስኬን ነክቶታል። ቆም ያለችም መሰለኝ።

«ቲቸር፣ እሷ በእኔ በኩል አልፋለች» አልኩ።

ኛቦል ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። «እኔ ውሃ ነው የጠጣሁ» ብቻ አለች። ቲቸር ዜሮ ጻፉባት።

እሑድ እሷና አጎቷ የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ እንዳይመስላችሁ፤ ፊቷ ላይ ጥፋት ይታይ እንደሆነ ልሰልላት ነው። ጉባኤው በኑዌርኛ ስለሆነ አንድም ቃል አይገባኝም፤ ኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማጅራቷን አያለሁ። ከዝማሬው በኋላ አንድ ወንጌላዊ መጽሐፉን ገለጡ። ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ። ጡጫቸውን ጨበጡ። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

አጠገቤ የነበሩትን አሮጊት ምን እያሉ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው። «አንድ፣ ምን አለ። ሁለት፣ ምን ደበቀ። ሦስት፣ ለእኔ ምን አለ» አሉኝ። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። ልጆች ሁሉ ያውቃል።» ወንጌላዊውና እናቴ አንድ ክረምት አብረው ሥልጠና እንደወሰዱ የሰማሁት ማታ ከእናቴ ነው።

ሰኞ ማለዳ ቲቸር ግርማ ጋ ሮጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቶቹን አውጥተው እንደገና አነበቡ። ከዚያ ዜሮውን ሰርዘው ለእኔ የሰጡትን ያህል ሰጧት። እኔ አጎቷ ቤት ስደርስ ግን በጠዋቱ ጀልባ ሄዳለች።

ክረምቱን ሙሉ የባሮን ውሃ እያየሁ አሳለፍኩ። መስከረም ላይ መጣች፤ አጎቷ ውጤቷን ሰምቶ አስጠርቷት ነው። ዴስካችንን ጠርጌ ጠበቅኋት። እሷ ግን ደብተሯን ይዛ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በእረፍት ሰዓት ተከትያት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ቲቸርንም አብሬ ወቀስኩ።

«ቲቸር እኔን አያውቅም፣ ቢጠረጥር ልክ ነው» አለችኝ። «አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።»

ይቅር ብላኛለች፣ እሱን አልዋሽም። አሁን ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ትሠራለች፤ ገበያ ስንገናኝ ስለ ልጆቿም ስለ ልጆቼም እንጠያየቃለን። ማንጎ ግን አብረን በልተን አናውቅም።

የዛሬ ተማሪዎች ትንተናውን ስልካቸውን ያስጽፉታል፤ ሠላሳ ልጅ አንድ ዓይነት ነገር ይዞልኝ ይመጣል። እጠረጥራለሁ፣ ሥራዬ ነው። ልጁን ለብቻው ጠርቼ ታሪኩን በአፉ እንዲተነትንልኝ አደርጋለሁ። ባለፈው ሴሚስተር አንዷን እንዲሁ ስጠራት ገና አፌን ሳልከፍት ስለ ጓደኛዋ ትነግረኝ ጀመር። «ተይው፣ ስለሷ አልጠየቅሁሽም» ብዬ አስቆምኳት። የተቆጣኋት መስሏት አለቀሰች። እኔንም ያኔ ስለ ኛቦል ማንም አልጠየቀኝም ነበር።