ኮንዳባይ ከመንገድ የቀረችበት ክረምት

የዚያ ዓመት ክረምት ቀድሞ ገባ። ዘሩ ተዘርቶ እንዳበቃ መሬቱ ጠጥቶ ጠገበ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጥ ጀመር። የአሻድ ወር ሲደርስ ሁሌም ከበሮው ገና ሳይመታ እግራችንን ይበላናል። ወደ ፓንዳርፑር ከተማ፣ ወደ አምላካችን ወደ ቪቶባ ደጅ፣ አሥራ አምስት ቀን በእግር የምንሄድበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ ዛሬ የገዛ ደጃፌን የምሻገረው በመከራ ነው።

ከሁላችን ቀድማ የምትዘጋጀው ጎረቤቴ ኮንዳባይ ነበረች። ልብስ አጣቢ ናት። ባሏን እባብ ነድፎ ሲገድልባት ገና ልጅ አልወለደችም። ወደ እናቷ ቤት አልተመለሰችም፤ ከአማቷ ከያሙናባይ ጋር ቀረች። ጧት ጧት ወንዝ ወርዳ የመንደሩን ልብስ ከድንጋይ ጋር ስታላትም፣ በእያንዳንዱ ምት «ቪቶባ! ቪቶባ!» ትላለች።

«ኮንዳ፣ አምላክሽን ቀስ አርጊው፤ የሸሚዜን ቁልፍ ሰበረው» ይላታል ባለሱቁ።

«ቁልፍህን የሰበረው ቦርጭህ ነው» ትለዋለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ጊዜ ከጉዞ ቀርታ አታውቅም። በአንገቷ ላይ ቱልሲ ከሚባለው ቅዱስ ተክል ግንድ የተሠራ ጨሌ አለ። በእኛ ማኅበር ጨሌውን ያሰረ ሰው በየዓመቱ ሊሄድ ቃል ገብቷል፤ አንድ ዓመት ከቀረ ለአለቃው ይመልሳል። ለኮንዳባይ ያ ጨሌ ባልም ልጅም ነበር።

ልንነሳ ሁለት ቀን ሲቀረን ያሙናባይ እርጥብ ደጃፍ ላይ ተንሸራትታ ዳሌዋ ተሰበረ።

የማኅበራችን አለቃ ራጎባ መጣ። ደግ ሽማግሌ ነው፤ በሥርዓት ጉዳይ ግን ፍንክች አይልም።

«ኮንዳ ልጄ፣ ጎረቤት ትያዛት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሄድሽውን ዛሬ ታቋርጪዋለሽ?»

ጎረቤቷ እኔ ነበርኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ አቀርቅሬ የለበስኩትን ሳሪ ጫፍ እጠመዝዝ ጀመርኩ። መሄድ ፈልጌ ነበር።

ያሙናባይ ከተኛችበት ጮኸች፦ «ምን ያስጨንቃችኋል? አምላካችሁ ድንጋይ አይደል? ወገቡን ይዞ መቆም ይችልበታል። የኔ ሽንት ግን አይቆምልኝም!»

ራጎባ የኃጢአት ነገር ሲሰማ እንደሚያደርገው ሁለት ጆሮዎቹን ያዘ። ኮንዳባይ ግን ሳቀች። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ሳቁ የት ላይ አብቅቶ ልቅሶው የት ላይ እንደጀመረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ጨሌውን በገዛ እጇ ፈትታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«አባባ፣ ሲደርሱ ይንገሩልኝ። እናቷን እያጠበች ነው ይበሉት።»

ጨሌውን ተቀብሎ ሄደ፤ እኛም ሄድን። በመንገድ እንደየዓመቱ ስለ ፑንዳሊክ ዘመርን። የእናት አባቱን እግር እያሸ ሳለ አምላክ ደጁ መጥቶ ቢጠራው፣ «ቆይ» ብሎ ጡብ ወረወረለት፤ አምላክም ጡቧ ላይ ቆሞ ይኸው እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ጉሮሯችን እስኪዘጋ ይህን እየዘመርን ኮንዳባይን ቃሏን ያጠፈች አልናት። እኔም ብያለሁ።

ያሙናባይ ስድስት ዓመት ተኛች። ኮንዳባይ ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፣ የማሽላ ቂጣ በእርጎ አርሳ ታጎርሳታለች። ሲሰዳደቡ ግድግዳዬን አልፎ ይሰማኛል።

«እጅሽ ይቀዘቅዛል፣ አንቺ እንቁራሪት!»

«የእርስዎ አፍ ይሞቃል እማማ፤ በሱ ላሙቀው!»

በየዓመቱ ወደ ፓንዳርፑር የሚጓዙት መንገደኞች በመንደራችን ሲያልፉ እንስራ ይዛ እስከ አስፋልቱ ትሮጣለች። ውሃ ታጠጣለች፣ እግራቸው ላይ ትወድቃለች፣ ትመለሳለች። አንድ ዓመት የኔ እግር ላይ ወደቀች። በዕድሜ ታናሿ ነኝ፤ የምገባበት ጠፋኝ። በሚቀጥለው ዓመት «ዘንድሮ እኔ ልያዝልሽ፣ ሂጂ» አልኳት።

«አሁንማ እኔን ለምዳለች። አንቺን ትነክስሻለች» ብላ ሳቀች።

አሮጊቷ ባረፈች ጊዜ ራጎባ ጨሌውን ይዞ መጣ። «ስድስት ዓመት ቀርተሻል። ሥርዓቱ ነው፣ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ፤ ቦታሽ ከሁሉ ኋላ ነው» አላት።

«እንደ አዲስ ይሁን» አለች፤ እንደ ሙሽራ ደስ ብሏት። አሥራ አምስቱን ቀን ስንቅ ከጫኑት ጋሪዎች ኋላ፣ ከጀማሪዎቹ ጋር ጭቃ እየተረጨባት ሄደች። ደርሰን ከመቅደሱ ስትወጣ «አየሽው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አየሁት። ድሮ ከማውቀው አጠረብኝ» አለች።

ልንመለስ ስንሰበሰብ ኮንዳባይ የለችም። ፈልገን ያገኘናት ወንዙ ዳር ባለው የመንገደኞች ማረፊያ ነው። ጉዞ ላይ ታማ ወገኖቿ ጥለዋት የሄዱትን የአንዲት ሴት ጀርባ እያጠበች ነበር። ከዚያች ሴት ወዲያ አምስት ስድስት ሌሎች ተኝተዋል።

«ሂዱ እናንተ። እኔ ሥራ አግኝቻለሁ» አለችን፣ ቀና እንኳ ሳትል።

 እኔ እጇን ልይዝ ፈለግሁ፤ እጇ ሳሙና ነበር።

ዛሬ ቅድስት የሚሏት አሉ። ኮንዳባይን በመጨረሻ ያያት የራጎባ የልጅ ልጅ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ካበቃ በኋላ በካርቲክ ወር። ፓንዳርፑር፣ ከወንዙ ደረጃ ታች ባለው ማረፊያ፣ የበሽተኞች ብርድ ልብስ ታሰጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም።