ጢማሙ ወፍ

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን አንድ ቤት ሲመረግ፣ የእርጥብ ጭቃና የጭድ ሽታ መንገድ ላይ አቁሞ ወደ አባዬ አልጋ መለሰኝ። ሥዕል ማንም አላስተማረኝም። አርባ ምንጭ ውስጥ ከኔ የተሻለ ወፍ የሚሥል ሰው የለም፤ ራሴ የምናገረው ሌላው እስኪለኝ መጠበቅ ስለሚያደክመኝ ነው። ወፎቼ ግን የትም አገር የሉም፤ የተፈለፈሉት አባዬ አፍ ውስጥ ነው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አባዬ ከጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየገዛ በፒካፕ ወደ ከተማ ያመጣ ነበር። ሲመለስ እጁን እየታጠበ ለያንዳንዳችን እንስሳ ያድለን ነበር፣ ያውም ከሁለት የተገጣጠመ። ታናሽ ወንድሜ በልቶ ስለማይጠግብና ቁጭ ስለማይል ግማሹ ጉማሬ፣ ግማሹ ፍየል ነበር፤ እማዬ አንገቷ የሽመላ፣ ቁጣዋ ጫጩት ያላት ዶሮ ነበር፤ እኔ ደግሞ እየበላሁ ስለማወራ ሁለት ምንቃር ተሰጠኝ። «አንዱ ሲደክመው ሌላው ይረከበዋል» ይል ነበር። በማግስቱ በከሰል፣ በቀይ አፈርና በእርድ የጓሮው በር ላይ እሥላቸው ነበር። አረንጓዴ ሲያምረኝ ለእራት የተቀነጠሰውን የሀለኮ ቅጠል እጨምቅ ስለነበር፣ እማዬ «ዛሬ እራታችሁ በሩ ላይ ነው፣ ላሱት» ትለን ነበር።

አንድ በልግ ግን መንገዱ በዝናብ አዳልጦ ፒካፑ ተገለበጠና የአባዬ እግር ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ አስሮት ተኛ አለው። እማዬ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እያመጣች መሸጥ ጀመረች። አባዬ ክረምቱን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይውል ነበር፤ ሕመሙ ሲቀልለትም ወሬው አልተመለሰም። ወንድሜ ሆን ብሎ አልጋው ሥር ሲዘል «ተው» ብቻ ይለው ነበር። አንድ ቀን እማዬ ለጎረቤታችን «እግሩስ ይድናል፣ ሰውዬው ግን ጠፋብኝ» ስትል ሰማኋትና ፈራሁ።

መስቀል ሲደርስ እንደ ሰፈሩ ሁሉ ቤታችንን መረግን። አልጋውን ከግድግዳው ሳብ አድርገን፣ ነጭ አፈር የመቀባቱ ሥራ ለኔ ተሰጠና እማዬ ገበያ ሄደች። አባዬ እንቅልፍ ወስዶታል። ቀብቼ ስጨርስ እጄ አላርፍ አለኝ፤ ፊቱን በሚያዞርበት ግድግዳ ላይ ጉሮሮው ዓሣ የሞላ፣ የአባዬ ጢም ያለው፣ አንድ እግሩ በቀርከሃ የታሰረ ትልቅ ወፍ ሣልኩ።

እማዬ ተመልሳ ስታየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ልጅ፣ በታመመ አባትሽ ትቀልጃለሽ? ነገ ወንድሞቹ ከደጋ ሲወርዱ ምን ልበላቸው? ሳይነቃ ለስኚበት» አለችኝ። ጭቃ ዘግኜ አንዱን ክንፍ እንደሸፈንኩ ከኋላዬ «ቆይ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አባዬ በክርኑ ተደግፎ ወፉን ብዙ አየው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በዚህ ምንቃር ነው ከዓሣ አጥማጅ ጋር የምከራከረው? አስረዝሚው። ክንፉንም መልሺለት።»

እማዬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና «እንግዶቹስ ምን ይላሉ?» አለች።

«ሌላ ባል አገባሁ በያቸው፤ ይሄኛው አይጮህብሽም።»

እማዬ ሳቋ ከለቅሶ ጋር ተደባልቆባት ዘንቢሉ አጠገብ ቁጭ አለች። ምንቃሩን እስከ ጣሪያው ድረስ አስረዘምኩት።

በጋ ሲገባ ወጌሻው ቀርከሃውን ፈታ፤ እኔም ከወፉ እግር ላይ በነጭ አፈር አጠፋሁለት። አባዬ ትንሽ እያነከሰ ጫሞ መውረድ ጀመረ።

ዛሬ ቀለም በቆርቆሮ ገዝቼ የምግብ ቤት ግድግዳ እሥላለሁ፣ ሰውም ፎቶ ይነሳበታል። ያን ጊዜ በየዓመቱ ምርጊቱ ወፎቼን ይውጣቸው ነበር፤ የዛሬዎቹን ዝናብም አያስለቅቃቸውም። ያን ጊዜ ግን የምሥለው ለአንድ ሰው ስለነበር ሲስቅ አውቅ ነበር። ዛሬ የሚያየው መንገደኛው ሁሉ ነው፣ ፊቱን ሳይፈታ የሚያልፍም አለ። እንዲህ ያለውን ሳይ ጉራዬን ዋጥ አድርጌ ከመሰላሉ እወርድና «ምን ጎደለው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ቆሞ ይነግረኛል።