እጃጂ ላይ የጠበቅኩት ሰላምታ

ከአምቦ ወዲያ ወዳለችው እጃጂ የሄድኩት ቢሮዎቻችንን በኔትወርክ የሚያገናኝ አዲስ ራውተር ልተክል ነበር። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ወር ነው። ጋሼ የምላቸው አለቃዬ አምቦ ቢሮ፣ ከሌላኛው ራውተር ጋር ቀርተዋል። መንገድ ድንገት የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር፣ «ስትመለሺ ከስምንት ሰዓት በፊት ተሳፈሪ» ብለውኛል።

ሁለት ራውተሮች ጎረቤት የሚሆኑት በሰላምታ ነው። እያንዳንዱ በየአሥር ሰከንዱ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይልካል፤ እነማንን እንደሰማም አብሮ ይናገራል። አንዱ በሌላው ሰላምታ ውስጥ ራሱን ሲያገኝ ይተዋወቃሉ፤ ከዚያ የሚያውቁትን መንገድ ሁሉ ይነጋገራሉ። አርባ ሰከንድ ሙሉ ዝም ያለ ግን እንደሞተ ተቆጥሮ ይሰረዛል።

የኔ ራውተር የጎረቤት ዝርዝር ግን ባዶ ሆነብኝ። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አምቦን አያየውም።»

«በስንት ሰከንድ ነው ሰላም የሚለው?»

«በአምስት አደረግኩት። ይፈጥናል ብዬ።»

«የኔ በአሥር ነው። ካልተመሳሰሉ አይቀባበሉም፣ መልሺው።»

መለስኩት። ወዲያው አምቦ ዝርዝሩ ላይ ወጣ። ምስጋናዬን ሳልጨርስ ስልኩ ተቋረጠ፤ የስልክ ኔትወርኩም ጠፋ።

የእጃጂው ቢሮ ጥበቃ፣ አንድ አዛውንት፣ ገቡና «አምቦ ተኩስ አለ ይላሉ። መኪናም የለም» አሉኝ።

የራውተሩ መስመር ከስልኩ የተለየ ስለነበር አልተነካም። ከአምቦ የቀረኝ ወሬ እሱ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ከአርባ ወደ ሠላሳ ይወርዳል፤ ሰላምታ ሲገባ ተመልሶ አርባ ይሆናል። ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። አንድ ጊዜ ግን ሃያ ዘጠኝ አለ። ሃያ። አሥር። አንድ። ከዚያ አምቦ ከዝርዝሩ ጠፋ።

መብራት ሄዶ ይሆናል አልኩ ለራሴ። የአምቦው ቢሯችን ዋናው መንገድ ዳር መሆኑ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ተነስቼ በር ላይ ቆምኩ፤ በእግሬ ልሄድ ያሰብኩ ይመስለኛል።

«ኢንተለ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ተቀመጪ» አሉኝ አዛውንቱ፣ በሩን እየዘጉ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየን። ከዚያ አምቦ ብቅ አለ፤ መጀመሪያ እኔ ብቻ ሰማሁት፣ ቀጥሎ እሱም ሰማኝ። የአምቦው ጄኔሬተር ቁልፍ ያለው ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው፤ አስነስተውታል፣ በሕይወት አሉ ማለት ነው። አዛውንቱ ፊት አለቀስኩ።

መንገዱ ተከፍቶ አምቦ የገባሁት በሦስተኛው ቀን ነው። የቢሮው መስኮት ተሰብሯል። ጋሼ ስብርባሪውን እየጠረጉ ነበር።

«መብራቱ ሲጠፋ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ጄኔሬተሩ ውጭ ነው። ወጥቼ እስካስነሳው አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ልውጣ ስል እግሬ እምቢ አለኝ።»

ፈራሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። መጥረጊያውን ተቀበልኳቸው።