በጉበቴ ተደብቆ የከረመው ወባ

ብርዱ የጀመረኝ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ስማዳ ቆላ ወርደን የአባቴን ማሽላ ስንቆርጥ፣ ሰው ሁሉ ላቡን ይጠርጋል፤ የእኔ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ጋቢ ደረቡልኝ። አልሞቀኝም። ትኩሳቱ ተከተለ። ራሴን ፈለጠኝ። አስመለሰኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አራተኛ ወሬ ነበር።

ባለቤቴ ሞላም ታመመ። በጤና ጣቢያው ደማችን ታየና የሁለታችንም ቫይቫክስ የሚሉት ወባ ሆነ። ለእሱ ክሎሮኪንና ፕሪማኪን ሰጡት፤ ለእኔ ክሎሮኪን ብቻ። ተሻለንና ወደ ቤታችን፣ ወደ አርብ ገበያ ተመለስን። እኔም ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ አገረሸብኝ። ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ሽንት ቤት ስሄድ ልታስታምመኝ የመጣችው እናቴ ደግፋ ወሰደችኝ። ልጁን የማጣው መሰለኝ።

ሞላ ከእሱ የተረፈውን ፕሪማኪን አመጣልኝ።

«ይኸን ስላልሰጡሽ ነው የተመለሰብሽ። እኔን አድኖኛል፤ ዋጪው» አለኝ።

ኪኒኑን በመዳፌ ያዝሁት። ውኃውም ቀርቧል። ያን ጊዜ ልጁ ተንቀሳቀሰ። እንዲያ ግልጥ ሆኖ ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ቆይ» አልሁት። «መጀመሪያ እንጠይቅ።»

በበቅሎ አድርጎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። አዋላጇ ሲስተር ኪኒኑን አገላብጣ አየችው።

«መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ላንቺ ግን ጊዜው አይደለም» አለች። «ይኸ ወባ በጉበት ውስጥ ይደበቃል፤ ፕሪማኪን ከተደበቀበት ያጠፋዋል። ግን ደማቸው በተፈጥሮ የማይችለው ሰዎች አሉ፤ ቀይ የደም ሴላቸውን ያፈርስባቸዋል። ያንቺ ደብረ ታቦር ተመርምሮ ይታወቃል። በሆድሽ ያለው ልጅ ደም ይቻለው አይቻለው ግን አናውቅም።» ወደ ሞላ ዞረች። «አንተስ ለምን አቋረጥኸው?»

«ተሻለኝና...» ብሎ መሬት መሬቱን አየ። ለእሱም ሕክምናውን እንደገና አስተካከሉለት።

ለእኔ እንደገና ክሎሮኪን ታዘዘልኝ፤ ከዚያም እንዳያገረሽብኝ በየሳምንቱ እንድወስድ ተደረገ፤ ደሜም አንሶ ስለተገኘ አይረን የሚሉት ደም የሚተካ ኪኒን ተጨመረልኝ። እናቴ ሰግታ ሲስተርን «ይኸ ሁሉ ኪኒን ለጽንሱ አይከብደውም?» ብላ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ ይኸኛው ለጽንሱ አያሰጋም። የሚያሰጋው ወባው ነው፤ ካልታከመች ልጁንም እሷንም ይጎዳል» አለቻት። ከዚያ ወዲህ መዋጫዬ ሲደርስ ቀድማ የምታስታውሰኝ እናቴ ሆነች።

ሴት ልጅ በሰላም ወለድሁ። ማኅሌት አልናት። ፕሪማኪኑን ለመጀመር ብቸኩልም፣ መድኃኒቱ በወተቴ በኩል ሊደርሳት ስለሚችል ጨቅላ ሳለች እንደማይሰጠኝ ሲስተር ነገረችኝ፤ ክሎሮኪኑን እየወሰድሁ ማጥባቴን ግን አልከለከለችኝም። እንዲያ እያልሁ ክረምቱን አለፍሁት። ልጄ እየወፈረች፣ እየሳቀች፣ ጡቴን ይዛ ዓይን ዓይኔን እያየች አደገች፤ እኔም ጉልበቴ ተመልሶ ክፍል ውስጥ ቆሜ እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ማስተማር ቻልሁ። ገንፎ መብላት ከጀመረችና ግማሽ ዓመት ካለፋት በኋላ ሦስታችንም በአውቶቡስ ደብረ ታቦር ሄደን የእኔም የእሷም ደም ተመረመረ። ሁለታችንም መድኃኒቱን እንደምንችል ሲነገረን ሞላ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ፕሪማኪኑን ምግብ እየበላሁ፣ አንድም ሳላጎድል ጨረስሁት። ትኩሳቱ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ማኅሌት ዛሬ በእግሯ ትሄዳለች፤ የተሰጣ ገብስ ባየች ቁጥር መሐሉ ገብታ ካልተቀመጠች አይሆንላትም።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሲስተርንም፣ ያስታመመችኝን እናቴንም፣ «እንጠይቅ» ስለው ሳይከራከር በቅሎ የጫነልኝን ሞላንም አመሰግናለሁ።

እናንተ ዛሬ ለክትትል በዚህ ጤና ጣቢያ የተሰበሰባችሁ እህቶቼ፣ ለሌላ ሰው የታዘዘ ኪኒን፣ የባላችሁም ቢሆን፣ አትዋጡ። ለእናንተ የታዘዘላችሁንም በፍርሃት አታቋርጡ። መድኃኒት ከመቀበላችሁ በፊት «ነፍሰ ጡር ነኝ» ወይም «አጠባለሁ» በሉ። ሆዳችሁ ገና ባይታይም፣ ማንም ባይጠይቃችሁም በሉ።